የመለየት ጭንቀት (ለማዳ እንስሳት)

የመለየት ጭንቀት ማለት ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ ለማዳ እንስሳ ከሚቀርበው ሰው ወይም ከሚቀርበው ሌላ እንስሳ ተነጥሎ ሲቀር የሚደርስበት ከባድ የፍርሃትና የመረበሽ ሁኔታ ነው። ጭንቀቱ በጠባይ ይገለጻል። እንስሳው ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ በርና መስኮት ይቧጥጣል፣ ዕቃ ያኝካል፣ በማይሸናበት ቦታ ይሸናል፣ ወይም አጥር ዘሎ ይጠፋል። በብዛት የተጠናው በውሻ ላይ ሲሆን በድመት፣ በፈረስ፣ በአህያና በቀንድ ከብትም ተመሳሳይ ጠባይ ይታወቃል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ እንደ ጥጋብ፣ እንደ እልህ ወይም እንደ በቀል ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት እንስሳው ይደበደባል፣ ራቅ ወዳለ ቦታ ተወስዶ ይጣላል፣ አንዳንዴም ይገደላል። የእብድ ውሻ በሽታ በሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደግሞ የተጨነቀን ውሻ ከታመመ ውሻ ለይቶ ማወቅ ለሰውም ለእንስሳውም ሕይወት አስፈላጊ ነው። የመለየት ጭንቀት በቅጣት አይድንም፤ በትዕግሥት በሚደረግ ልምምድ ግን በአብዛኛው ይሻሻላል።

ስያሜ

ቃሉ የተወሰደው ከሕፃናት ሥነ ልቦና ነው። ሕፃን ልጅ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሲቃረብ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር የሚያለቅሰው ለቅሶ በዚሁ ስም ይጠራል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ናፍቆት» ነው። ሆኖም ናፍቆት የተለየን መፈለግን ሲገልጽ፣ የመለየት ጭንቀት አካልንም የሚያናውጥ ነው፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ እንስሳው ሳይሮጥ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ምግብም አይበላም።

መንስኤ

ውሻ የተገኘው ከተኩላ ሲሆን ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14,000 ዓመት እንደሆነው በቁፋሮ የተገኙ አጥንቶች ያሳያሉ። ተኩላ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። ከመንጋው የተነጠለ ተኩላ ይጮኻል፣ መንጋውንም ይፈልጋል። በሰው ቤት ያደገ ውሻ መንጋው ቤተሰቡ ነው።

እንስሳና ሰው የሚቀራረቡበትን መንገድ ለማጥናት የረዳው የሕፃናት ምርምር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው ትስስር ለሕይወቱ መሠረታዊ መሆኑን አስተማረ። ባልደረባው ሜሪ ኤይንስወርዝ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን በቅርብ ተከታተለች። በኋላም በአሜሪካ «እንግዳ ሁኔታ» የተባለውን መፈተኛ አዘጋጀች። በዚህ መፈተኛ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ወደማያውቀው ክፍል ይገባል፣ እናቱ ትወጣለች፣ እንግዳ ሰው ይገባል፣ ከዚያም እናቱ ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ1998 በቡዳፔስት የሚገኙ የሀንጋሪ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተና በ51 ውሾችና በባለቤቶቻቸው ላይ ሞከሩት። ውሾቹ ባለቤታቸው ሲወጣ በር ላይ መቆማቸው፣ ሲመለስ ደግሞ ከእንግዳው ይልቅ ወደ እሱ መሮጣቸው ከሕፃናቱ ጠባይ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ።

ትስስሩ በአካል ውስጥም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ሆርሞን በምጥ ጊዜ፣ በማጥባትና እናት ከልጇ ጋር በምትፈጥረው ፍቅር ውስጥ ድርሻ ያለው ነው።

እያንዳንዱ የሚቀራረብ ውሻ ግን አይጨነቅም። ችግሩን ያስነሳሉ ወይም ያባብሳሉ ተብለው ከሚጠቀሱት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• የኑሮ ለውጥ፦ ቤት መቀየር፣ የሥራ ሰዓት መለወጥ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መሞቱ ወይም ርቆ መሄዱ፤
• ቡችላን ጡት ሳይጥል ከእናቱ መለየት (ባለሙያዎች ቢያንስ 8 ሳምንት እንዲሞላው ይመክራሉ)፤
• ባለቤትን ደጋግሞ መቀየር ወይም ተጥሎ መገኘት፤
• ለረጅም ጊዜ ከሰው ጋር ሳይለያዩ ቆይቶ በድንገት ብቻ መቅረት፤
• ብቻ በቀረበት ሰዓት የደረሰ ድንጋጤ፣ ለምሳሌ ነጎድጓድ ወይም የጥይት ድምፅ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በፊንላንድ ከ13,700 በላይ ውሾችን ያካተተ መጠይቅ 5 በመቶ ያህሉ ከመለየት ጋር የተያያዘ ችግር እንዳለባቸው፣ 32 በመቶው ደግሞ ከፍተኛ ድምፅ እንደሚፈሩ አመልክቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ውሻ ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ምልክቶች

ዋናው መለያ ጊዜው ነው። ምልክቶቹ የሚታዩት ሰው በሌለበት ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራሉ። የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦

• ማላዘንና ያለማቋረጥ መጮኽ፤
• በር፣ መስኮትና አጥር መቧጠጥ ወይም መንከስ፣ እስከ ጥፍርና ጥርስ መሰበር ድረስ፤
• ወዲያና ወዲህ መመላለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማለክለክ፤
• ቤት ውስጥ መሽናት ወይም መጸዳዳት፤
• ባለቤቱ እስኪመለስ የቀረበለትን ምግብ አለመንካት፤
• ባለቤቱ ሲመለስ ከመጠን ያለፈ ደስታ ማሳየት።

አንዳንድ ውሾች ጭንቀቱ የሚጀምራቸው ባለቤቱ ገና ሳይወጣ ነው። ቁልፍ ሲያነሳ፣ ጫማ ሲያደርግ ወይም ጋቢ ሲደርብ ሲያዩ ይከተሉታል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ እንዳሳየው እንስሳ ደጋግሞ ከአንድ ነገር በፊት የሚያየውን ወይም የሚሰማውን ምልክት ከነገሩ ጋር ያያይዛል። የቁልፍ ድምፅ ለውሻው የመለየት ደወል ይሆንበታል።

ባለቤቱ በሌለበት የሚሆነውን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የእጅ ስልክን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጎ ትቶ መውጣት ነው። ጎረቤትን መጠየቅም ይረዳል።

«ጥፋቱን ያውቃል» የሚለው እምነት

ባለቤቱ ተመልሶ የተኘከ ጫማ ሲያገኝ ውሻው ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን ቆልፎ፣ ዓይኑን ይሸሻል። ብዙ ሰው ይህን «ጥፋቱን ያውቃል» ብሎ ይተረጉመዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 በ14 ውሾች ላይ ባደረገችው ጥናት ይህ መልክ የሚታየው ውሻው ጥፋት በመሥራቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ እንደሆነ አሳይታለች። ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያንኑ መልክ አሳይተዋል። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ዱላ ውሻውን ስለተኘከው ጫማ አያስተምረውም። የሚያስተምረው የባለቤቱ መመለስም የሚያስፈራ መሆኑን ነው፤ ይህም በሚቀጥለው ቀን ጭንቀቱን ያብሰዋል።

ከእብድ ውሻ በሽታ መለየት

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች በበሽታው እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥም እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው በስፋት ከሚገኝባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት።

መረበሽ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ያገኙትን መንከስና ከቤት መጥፋት በሁለቱም ሊታዩ ይችላሉ። ልዩነቱ እንደሚከተለው ነው፦

• የመለየት ጭንቀት ያለበት ውሻ ሰው ሲመለስ ይረጋጋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ሰው ቢኖርም ባይኖርም አይረጋጋም።
• የመለየት ጭንቀት ለሳምንታትና ለወራት በተመሳሳይ መልኩ ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ በቀናት ውስጥ እየከፋ ይሄዳል፤ ውሻው ምልክት ካሳየ በኋላ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል።
• የታመመ ውሻ ድምፁ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ አገጩ ይወድቃል፣ የኋላ እግሩ ይልፈሰፈሳል። እነዚህ በመለየት ጭንቀት አይታዩም።
• የታመመ ውሻ የሚያውቃቸውን ሰዎች ጭምር ያለ ምክንያት ይነክሳል። በተቃራኒው ቁጡ የነበረ ውሻ በድንገት ለማዳና ፈዛዛ ሊሆን ይችላል።

በመልክ ብቻ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ያልተከተበና የሚያጠራጥር ውሻ ሊነካ አይገባም። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጠጠው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ክትባት ለማግኘት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ክትባቱ የሚያድነው ምልክት ከመታየቱ በፊት ሲሰጥ ነው።

ሌሎች ሊመረመሩ የሚገባቸው ምክንያቶችም አሉ። ቤት ውስጥ መሽናት የፊኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። ዕቃ ማኘክ በቡችላነት ዕድሜ የጥርስ መውጣት ወይም የሥራ ፈትነት ውጤት ሊሆን ይችላል። ሰው እያለም የሚያኝክ ውሻ ችግሩ መለየት አይደለም።

ማስታገሻ መንገዶች

ቀስ በቀስ ማለማመድ

የሕክምናው መሠረት እንስሳው የሚፈራውን ነገር በጣም በትንሹ፣ ሳይፈራ እስኪለምደው ድረስ ማሳየት፣ ከዚያም መጠኑን መጨመር ነው። ይህን ዘዴ ለሰው ሕክምና ያዘጋጀው ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ሲሆን መነሻው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድመቶች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። አንድ ጎጆ ውስጥ ደንግጠው በዚያ መብላት ያቆሙ ድመቶችን መጀመሪያ ጎጆውን በማይመስል ክፍል፣ ቀጥሎ በሚመስለው፣ በመጨረሻም በራሱ በጎጆው ውስጥ እያበላ ፍርሃታቸውን አጥፍቷል።

ለውሻ አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. ምልክቶቹን ማደብዘዝ። ባለቤቱ በቀን ብዙ ጊዜ ቁልፍ ያነሳል፣ ጫማ ያደርጋል፣ ግን ሳይወጣ ተመልሶ ይቀመጣል። ውሻው ቁልፍ ማንሳት መውጣት ማለት እንዳልሆነ እስኪለምድ ይደጋገማል።
2. ቤት ውስጥ መለያየት። ውሻው በአንድ ቦታ ላይ እንዲተኛ ይለመዳል፤ ባለቤቱ ወደ ሌላ ክፍል ገብቶ ይመለሳል።
3. ለሰከንዶች መውጣት። በሩን ዘግቶ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆይቶ መመለስ። ውሻው ከመጨነቁ በፊት መመለስ ግዴታ ነው።
4. ጊዜውን መጨመር። 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ እያለ ይረዝማል። አልፎ አልፎ አጠር ያለ ጊዜ መቀላቀል ውሻው እንዳይሰለች ይረዳል። ውሻው ከተጨነቀ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ያስፈልጋል።
5. እስከ 40 ደቂቃ ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በሰላም የሚቆይ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ለግማሽ ቀንም መቆየት ይችላል።

ልምምዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውሻው ፈጽሞ ብቻውን ባይቀር ይመረጣል፤ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የግቢ ጠባቂ ሊረዳ ይችላል። መውጣትና መመለስ ያለ ብዙ ግርግር ቢሆን ይሻላል።

ሥራ መስጠት

ከመውጣት በፊት የሚደረግ ረጅም የእግር ጉዞ ውሻው እንዲያርፍ ይረዳል። ለብቻው ሲቀር ብቻ የሚሰጠው የተለየ ምግብም መለየትን ከመልካም ነገር ጋር ያያይዝለታል። በውጭ አገር ለዚህ የሚሸጡ ጎማ መጫወቻዎች አሉ። በቀላሉ በሚገኝ ነገር መተካትም ይቻላል። የተቀዳደደ እንጀራ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ክዳኑና ቀለበቱ በወጣ፣ ጎኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ መስጠት፣ ወይም ምግቡን በሣር ላይ በትኖ እንዲፈልገው ማድረግ ጊዜ ያስወስደዋል። ጠርሙሱን ከሚውጥ ውሻ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የበሰለ አጥንት እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ ይችላል። የታረደ በግ ወይም ፍየል ጥሬ ጉበትና ሳንባ መስጠትም አደገኛ ነው፤ በውስጡ ባለ እጭ ምክንያት ውሻው የሃይዳቲድ ትል ተሸካሚ ሆኖ በሽታውን ወደ ቤተሰቡ ያስተላልፋል።

የባለቤቱ ጠረን ያለበት አሮጌ ልብስ በመኝታው ላይ ማንጠፍ፣ ሬዲዮ ዝግ አድርጎ መክፈትም አንዳንድ ውሾችን ያረጋጋል።

መድኃኒት

ጭንቀቱ ከባድ ሲሆን የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በአሜሪካ ክሎሚፕራሚን እ.ኤ.አ. በ1998፣ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በ2007 ለዚሁ የውሾች ችግር ተፈቅደዋል። ሁለቱም ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን የሚሰጡትም ከልምምዱ ጋር እንጂ በእሱ ምትክ አይደለም። ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለእንስሳ መስጠት ሊገድል ይችላል፤ ለምሳሌ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው።

የማይረዱ ነገሮች

መምታት፣ አፍ ማሰርና በጠባብ ቦታ መቆለፍ ጩኸቱን ለጊዜው ሊያፍን ቢችልም ፍርሃቱን ይጨምራል። የተቆለፈበት ውሻ ለመውጣት ሲታገል ራሱን ይጎዳል። ሁለተኛ ውሻ ማምጣት ይረዳል የሚባለውም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ምክንያቱም ውሻው ያጣው አንድን የተወሰነ ሰው እንጂ ማንኛውንም ጓደኛ አይደለም።

በድመት

ድመት ብቸኝነት ትወዳለች ቢባልም እሷም ትጨነቃለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በብራዚል በ223 ድመቶች ላይ የተደረገ መጠይቅ 13 በመቶ ያህሉ ከመለየት ጋር የተያያዘ ችግር እንዳላቸው አመልክቷል። ድመት በብዛት ጭንቀቷን የምትገልጸው ዕቃ በማበላሸት፣ አብዝታ በመጮኽ፣ በባለቤቷ አልጋ ላይ በመሽናት ወይም ጸጉሯ እስኪረግፍ ራሷን በመላስ ነው። ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ውጭ የምታይበት መስኮት፣ በተወሰነ ሰዓት የሚደረግ ጨዋታና ምግብ ይረዳታል።

በኢትዮጵያ

በገጠር

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ዞን የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ውሻ በዋናነት የሚያዘው ለጥበቃ ነው። የሚያድረው በግቢ ሲሆን፣ በብዙ ቤት ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ከጅብና ከሌባ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። ድመት ግን አይጥ ስለምትይዝ ቤት ውስጥ ትኖራለች።

ይህ አኗኗር ከመለየት ጭንቀት አንጻር ጥቅምም ጉዳትም አለው። ግቢ ውስጥ የሚውል ውሻ ከብቱን፣ ልጆቹንና ጎረቤቱን ስለሚያይና ስለሚሰማ ፈጽሞ ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከእረኛ ጋር የሚሰማራ ውሻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሰውና ከመንጋ ጋር ነው። በአንጻሩ በአጭር ገመድ ታስሮ የሚውል ውሻ ቤተሰቡ ለአጨዳ ወይም ለገበያ ሲወጣ መከተልም መራቅም አይችልም። በዚህ ጊዜ የሚያሰማው ጩኸት ለሌባ ከሚጮኸው የተለየ፣ ረዘም ያለና የሚያላዝን ነው። ገመዱን ማስረዘም፣ ጥላና ውኃ በሚደርስበት ቦታ ማሰርና ቤተሰቡን ወይም መንገዱን ማየት እንዲችል ማድረግ ወጪ የማይጠይቅ እርዳታ ነው።

ረጅም መለየት የሚመጣው ሰው ርቆ ሲሄድ ነው። የገጠር ተማሪዎች ለትምህርት ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይቆያሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ለስንቅ ይመለሳሉ። ወጣቶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። ውሻውን ያሳደገው ልጅ ሲሄድ ውሻው ምግብ ሊያቆም ወይም መንገድ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። ከመሄዱ በፊት ባሉት ሳምንታት ሌላ የቤተሰብ አባል ማብላቱንና መፍታቱን ከእሱ ጋር እየተጋራ ቢያለምደው ለውጡ ይቀልለታል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ውሻ የሚያበላውን ቤት የራሱ እንደሚያደርግ ያስታውሳል።

በከተማ

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ኑሮ ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዞር ውሻ በክፍል ወይም በሰገነት ላይ ብቻውን የሚውልበት ሁኔታ መጥቷል። ጩኸቱ በግድግዳ አልፎ ጎረቤት ስለሚደርስ የጠብ ምክንያት ይሆናል፤ ውሻውም በመጨረሻ ወደ ጎዳና ሊወጣ ይችላል። የተጣለ ውሻ ክትባት አያገኝም፤ በጎዳና ካሉ ሌሎች ውሾች ጋር ስለሚቀላቀልም ለእብድ ውሻ በሽታ ይጋለጣል። በዚህ መንገድ የአንድ ቤት የጠባይ ችግር የሰፈር የጤና ችግር ይሆናል።

የባለሙያ እርዳታ

በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተቋማት ይሰጣል። በወረዳ ያሉ ክሊኒኮች በዋናነት የሚያገለግሉት የእርሻ በሬን፣ የወተት ላምንና በግና ፍየልን ነው። ያም ሆኖ ውሻን ለማስከተብና የጠባይ ለውጡ ከበሽታ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለማስመርመር የመጀመሪያው መሄጃ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

በሌሎች የቤት እንስሳት

በመለየት የሚመጣ ጭንቀት ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የአገር ላም ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ ወተቷን ትይዛለች። ጥጃው ጥቂት ከጠባ ወይም ከላሰችው በኋላ ግን ትለቃለች። ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገው ከላይ የተጠቀሰው ኦክሲቶሲን ሲሆን ጭንቀት ይህን ሆርሞን ያግዳል። ጥጃዋ የሞተባት ላም እንድትታለብ ቆዳውን በገለባ ሞልቶ ፊቷ ማቆም በኢትዮጵያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ላሟ ጠረኑን አሽትታ፣ ልሳው ትታለባለች።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት። አህዮች ከአንድ ጓደኛ ጋር በጥብቅ የመቆራኘት ጠባይ አላቸው። ጓደኛው የሞተበት ወይም የተሸጠበት አህያ መብላት ካቆመ ስብ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች አህያ ጓደኛው ሲሞት ሬሳውን ለጥቂት ጊዜ እንዲያይና እንዲያሸት መተውን፣ አብረው ያደጉ አህዮችን ሲሸጡም በተቻለ መጠን አለመለያየትን ይመክራሉ።

ደግሞ ይዩ

ውሻ
ድመት
የእብድ ውሻ በሽታ
ኢቫን ፓቭሎቭ
ደብረ ወርቅ
ምሥራቅ ጎጃም ዞን